ክኒኔን ማን ነበር የሚወስደው?

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ ሽሮ ሳማስል ልጄ ሰላም ከአዳማ ደወለችልኝ። ሰላም ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ካሉት የልብስ ፋብሪካዎች በአንዱ ትሠራለች፤ ካገባች ገና ዓመት አልሞላትም። የሰላምታውን ነገር ቶሎ ጨረሰችና፣ «እማ፣ አንቺ ሉፕ አስገብተሽ ነበር አይደል? እንዴት ነው ግን?» አለችኝ፤ ማህፀን ውስጥ ስለሚቀመጥ የእርግዝና መከላከያ ሳይሆን አዲስ ስለወጣ የፀጉር ቅባት የምትጠይቀኝ ይመስል።

እኔ መልስ ከመስጠቴ በፊት ማማሰያውን አስቀመጥኩና ሄጄ በሩን ዘጋሁ። ቤት ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም። ባለቤቴ ግርማ ለለቅሶ ዝዋይ ሄዷል፤ አማቴ ካረፉ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ሁለቱ ወንዶች ልጆቼ ከመቂ ከወጡ ቆይተዋል። ታዲያ ከማን ነው የምደበቀው? እንጃ። እጄ ነው በራሱ ጊዜ በሩን የገፋው። «ቆይ፣ መልሼ እደውልልሻለሁ» አልኳትና ተቀመጥኩ። ሽሮው ያረረው በዚያ ምክንያት ነው።

ሉፑን ያስገባሁ ጊዜ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። የአዳማ ልጅ ነኝ፤ መቂ የመጣሁት ግርማን አግብቼ ነው። ግርማ ደላላ ነበር፤ የገበሬውን ሽንኩርትና ቲማቲም ከአዲስ አበባ ነጋዴ ጋር እያገናኘ መኪና ያስጭናል። መቂን ለማያውቅ ሰው ሽታዋን ልንገረው፤ በበጋ፣ የመስኖው ሽንኩርት ሲነቀል፣ ከተማዋ በሙሉ ገና ቅመም ያልገባበት ቁሌት ቁሌት ትሸታለች። ከሳጥን ሳጥን ሲገለበጥ የፈረጠው ቲማቲም መንገድ ላይ ይቀርና ፀሐይ ያኮመጥጠዋል። ነፋሱ ከሐይቁ በኩል ሲነሣ ደግሞ ያጠብሽው ልብስ ሁሉ አቧራ ለብሶ ይጠብቅሻል። እኔ ግን ወድጃት ነበር። ሰው ሲወጣና ሲገባ የሚውልባት ከተማ ደስ ትለኛለች።

የምንኖረው ከግርማ እናት ከእማማ ወርቄ ጋር በአንድ ግቢ ነው። እማማ ወርቄ ኦሮምኛውን ከአማርኛው ቀላቅለው የሚናገሩ፣ ትንሽ ተናግረው ብዙ የሚያዩ ሴት ነበሩ። እኔን «ኢንታላ ኮ» ነበር የሚሉኝ፤ «ልጄ» ማለታቸው ነው። ከእሳቸው ሌላ የግርማ ታናሽ እህት ብርቱካን አብራን ነበረች፤ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ነርስ ለመሆን የምትመኝ፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን።

የመጀመሪያው ልጄ በተወለደ በአሥራ አራተኛው ወር ሁለተኛው መጣ። እሱን ከወለድኩ በኋላ ደሜ አልቆም አለ። ሽንኩርት በጫነ መኪና ጋቢና ውስጥ ተጋድሜ ነው አዳማ ሆስፒታል የደረስኩት። ከመንገዱ የማስታውሰው የሽንኩርቱን ሽታና የእማማ ወርቄን እጅ ብቻ ነው። «ሙሉ፣ አትተኚ! አትተኚ!» እያሉ ጉንጬን ይመቱኝ ነበር።

ሐኪሙ ሲያሰናብተኝ፣ «ቢያንስ ሦስት ዓመት ማርገዝ የለብሽም፤ ለሕይወትሽ ያሰጋል» አለኝ። ለግርማ ነገርኩት። ግርማ ክፉ ሰው አይደለም፤ አልጋዬ አጠገብ ተንበርክኮ ያለቀሰ ሰው ነው። ነገር ግን ወራት አለፉ፣ የፊቴም ቀለም ተመለሰ፤ እሱም «ሐኪም መቼም ያስፈራራል፤ ልጅ የሚሰጠው እግዜር ነው፣ በዕድሉ ያድጋል» ይል ጀመር። የመከላከያ ነገር ባነሳሁበት ጊዜ፣ «እሱን የሚወስዱ ሴቶች ምን ዓይነት እንደሆኑ አንቺም ታውቂያለሽ» አለኝ። ከዚያ ወዲያ አላነሳሁበትም። ተደብቄ ክኒን ጀመርኩ።

የምደብቀው በሠርግ ጫማዬ አፍንጫ ውስጥ ነበር። አንድ ቀን ብቻ የተደረገ ነጭ ጫማ ነው፤ አልጋ ሥር በካርቶን ተቀምጧል፤ ማንም አይነካውም ብዬ ነው። ሁልጊዜ አመሻሽ ላይ፣ እራት ከመቅረቡ በፊት፣ ልብስ የማጣጥፍ መስዬ እገባና አንዷን ያለ ውኃ እውጣለሁ። በዚያች ሰዓት ታዲያ እማማ ወርቄ ከመኝታ ቤቴ በር አይጠፉም። ትልቁ ልጄ ወደ እኔ ሲሮጥ ይይዙታል፤ «ና ወዲህ!» ይላሉ፤ ከዚያም እዚያው ደጃፉ ላይ ይቆማሉ። ጥላቸው በመጋረጃው ሥር ይታየኝ ነበር።

ሦስተኛውን እሽግ ስጀምር ነው አንድ ክኒን የጎደለው። ሁለት ጊዜ ውጬ ይሆናል አልኩ። በሳምንቱ ደግሞ ሌላ ጎደለ። ያኔ አዲስ እሽግ ስከፍት ከጀርባው በእርሳስ ምልክት ማድረግ ጀመርኩ፤ በየዕለቱ አንዲት ጭረት። ቅዳሜ ዕለት ጭረቱ ዘጠኝ ሲሆን ባዶው ቀዳዳ አሥራ አንድ ሆኖ አገኘሁት። አንድ ሰው ጫማዬን ያውቀዋል።

ጥርጣሬ የገባበት ቤት እንዴት እንደሚለወጥ ያልኖረበት አያውቀውም። ሰዉ ያው ነው፣ ዕቃው ያው ነው፤ ነገር ግን ሁሉም ነገር ሌላ ፊት ያወጣል። ግርማ ሁለት ኪሎ ሥጋ ይዞ ሲገባ «ለምን ዛሬ?» እላለሁ። እማማ ወርቄ ትኩስ ወተት ሰጥተውኝ «ጠጪ፣ ሰውነትሽ ይመለስ» ሲሉኝ፣ ለሚቀጥለው እርግዝና ሊያደልቡኝ ይመስለኛል። አንድ ቀን «ሆድሽ እንዴት ነው?» ብለው ጠየቁኝ፤ ቀኑን ሙሉ ያቺን ጥያቄ ሳመነዥካት ዋልኩ። በልቤ ፈረድኩባቸው። አምስት ወልደው ሁለት የቀበሩ ሴት ናቸው፤ የልጅ ልጅ የጠገቡ አይደሉም፤ በሬ ላይ የሚቆሙት ለሌላ ለምን ይሆናል? ሌባዋ እሳቸው ናቸው አልኩ። ሰላምታዬ አጠረ። የሰጡኝን ወተት ጓሮ ወስጄ ለውሻ ደፋሁት። ይህን ስጽፈው ዛሬም ፊቴን ያቃጥለኛል።

ምስጢሬን የነገርኩት ለአንዲት ሰው ብቻ ነበር፤ መናኸሪያው አጠገብ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ለነበራት ለከድጃ። ከድጃ የወሎ ልጅ ናት፤ አፏ ስል፣ ልቧ ሰፊ። ነገሩን ሁሉ ከሰማች በኋላ ጨርቅ መቁረጧን ሳታቋርጥ፣

«ሉፕ አስገቢያ!» አለችኝ። «እኔ ካስገባሁ አራት ዓመቴ። ማንም ሰው እዚያ ገብቶ አይቆጥርብሽም።»

«ወደ ልብ ይወጣል ይባላል እኮ።»

«በየት በኩል? መንገድ አለው እንዴ?»

«አንዲት ሴት ደግሞ ልጇ ሉፑን በእጁ ጨብጦ ተወለደ አሉ።»

«የት ነው ያለችው ሴትየዋ? ስሟ ማን ነው?» አለች ከድጃ። ስሟን አላውቀውም ነበር። እሷም ሳቀችና፣ «ሁሉም ሰምቷል፤ ያየ ግን የለም» አለችኝ።

አልዋሽም፣ ከድጃንም ጠረጠርኳት። ለምን እንዲህ ተጣደፈች? ወይስ ከሉፑ ያየችውን ችግር ብቻዋን ላለመሸከም ነው? ሰው መጠርጠር ከጀመረ ወዳጁን አይምርም።

እንደዚያም ሆኖ አዳማ ለመሄድ ቆረጥኩ። መቂ ጤና ጣቢያ አልሄድም፤ ካርድ ክፍሉ የምትሠራዋ የግርማ የአክስት ልጅ ነበረች። ለግርማ እናቴን ልጠይቅ ነው አልኩትና ትንሹን ልጅ አዝዬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ወሩ መጋቢት ነው፤ ዓለም ጤና አካባቢ ሜዳው ሁሉ ደርቆ ነጭ ሆኗል። ቆቃ ስንደርስ ዓሣ ሻጮች መስኮቱን ከበቡት፤ አንዲት ሴት የተጠበሰ ዓሣ በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ልጄን እያጎረስኩ እሾኹን በጣቴ ስፈልግ፣ «እኔስ ምን ሊያስገቡብኝ ነው?» እል ነበር በልቤ። ሞጆን አልፈን አዳማ እስክንገባ ድረስ ከኋላዬ የተቀመጠው ሰውዬ የግርማ ወዳጅ ይሆን እንዴ ብዬ ሁለት ጊዜ ዞሬ አየሁት።

የአዳማው ጤና ጣቢያ ውስጥ ያገኘኋት ነርስ ሲስተር አስቴር ትባላለች፤ አጭር፣ መነጽሯ በክር የታሰረ፣ ድምጿ ጎላ ያለ። መጀመሪያ ያልኳት ነገር «እባክዎ ቀስ ብለው ያውሩ» ነው። ከመሳቢያ አውጥታ አሳየችኝ። አናት የሌለው መስቀል ይመስላል፤ ከክብሪት እንጨት ብዙም የማይበልጥ ፕላስቲክ፣ ቀጭን መዳብ የተጠመጠመበት፣ ከታች ሁለት ክር ያለው።

«ይኼ ነው እንግዲህ ጉደኛው» አለችኝ። «ያዢው።»

ያዝኩት። እጄ ላይ ምንም አልመዘነም። በሆዴ ያለውን ጥያቄ ሁሉ አፈሰስኩት፤ ይወጣል ወይ፣ ይዝጋል ወይ፣ ባል ይነካዋል ወይ፣ ያመክናል ወይ። አንዱንም አልሳቀችበትም። ወደ ልብ የሚወስድ መንገድ እንደሌለው በወረቀት ሥላ አሳየችኝ። ስፈልግ ልትነቅልልኝ እንደምትችል፣ ከዚያም እንደማንኛዋም ሴት መውለድ እንደምችል ነገረችኝ። ከዚያ ደግሞ ያልጠየቅኳትን ጨመረች፦ «መጀመሪያዎቹ ወራት ቁርጠት አለው፤ የወር አበባሽም ይበዛል። አልፎ አልፎ ደግሞ ሳይታወቅ የሚወድቅባት ሴት አለች፤ ስለዚህ ክሩን እየዳሰስሽ ታረጋግጫለሽ። አንቺ ብዙ ደም ፈሶሽ ስለነበር ዛሬ አላደርግልሽም። ደምሽን ልየው።»

እንዲህ ክፉውንም ደጉንም ስትነግረኝ ነው ትንሽ ያመንኳት። የሚያታልል ሰው ጉዳቱን አይነግርም።

ደሜ ትንሽ አንሶ ተገኘ። የብረት እንክብል ሰጠችኝ። ክኒን ስለጎደለኝ እርግዝናም መረመረችኝ፤ አልነበረም። ቢሆንም በሚቀጥለው ወር አበባሽ ሲመጣ ተመለሽ አለችኝ። ልነሣ ስል የክኒኑን መጥፋት ነገርኳት፤ ሌባዋ አማቴ እንደሆኑም ጨመርኩ። ሲስተር አስቴር መነጽሯን አወለቀች።

«አማትሽ እንድታረግዢ ቢፈልጉ ኖሮ አንድ አንድ እያሉ አይለቅሙም ነበር» አለችኝ። «ጠቅላላውን ይጥሉታል፤ ወይ ባልሽ ፊት ይዘረግፉታል። አንድ አንድ የሚወስድ ሰው የሚውጥ ሰው ነው። እቤታችሁ ሌላ ሴት አለች?»

መልሱን እስክሰጣት ልቤ መቂ ደርሶ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ብርቱካን ጓሮ ልብስ ስታጥብ አገኘኋት። እማማ ወርቄ ገበያ ሄደዋል። አጠገቧ ቁጭ አልኩና ባዶውን እሽግ አረፋው አጠገብ አስቀመጥኩት። አየችው። ማጠቧን አላቆመችም፤ ያንኑ አንድ ሸሚዝ ደጋግማ አሸችው።

«ብርቱዬ፣ ስንት ወሰድሽ?»

«ምን?»

«ስንት ወሰድሽ ነው የምልሽ።»

«ስድስት» አለች። ከዚያ እንባዋ መጣ። «እሱ በመጣ ቁጥር አንድ አንድ ብቻ ነው። አንቺ እንዳይጎድልብሽ ብዬ።»

«እሱ» ያለችው ማክሰኞና ቅዳሜ ለጭነት ከሞጆ የሚመጣ የአይሱዙ ሾፌር ነው። ያቺ ነርስ እሆናለሁ የምትል ልጅ ክኒኑን እንደ ራስ ምታት መድኃኒት ነበር ያሰበችው፤ ሲያስፈልግ አንዲት ፍሬ። ማን ይንገራት? እኔ ራሴ በመጋረጃ ተሸፍኜ ስውጥ ነው ያየችኝ። ከእኔ የተማረችው መደበቁን ብቻ ነው።

«አበባሽ መቼ ነው የመጣው?»

እጇን ከአረፋው አወጣችና አፏን ሸፈነች። ያን ጊዜ ግን እየሳቀች አልነበረም።

ጥርሷን አሟታል ብለን አዳማ ወሰድኳት። ሲስተር አስቴር ከመረመረቻት በኋላ እኔን ሳይሆን እሷን ነው አስቀምጣ የነገረቻት፤ የሁለት ወር እርጉዝ ነበረች። በመመለሻችን ሚኒባሱ ዓለም ጤናን ሲያልፍ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገች።

ለእማማ ወርቄ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ብርቱካን አልቻለችም። ቲማቲም እየመረጡ ነበር፤ የበሰለውን ለብቻ፣ ጥሬውን ለብቻ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ክኒኑን፣ ጫማውን፣ ሾፌሩን። እሳቸውን መጠርጠሬን ሳይቀር ነገርኳቸው። ጩኸት ጠብቄ ነበር። አንድ ቲማቲም በእጃቸው አገላበጡና፣

«ያንቺን አውቃለሁ፣ ኢንታላ ኮ» አሉ። «ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ አውቃለሁ። ልጁ ገብቶ አይቶ ለአባቱ እንዳይናገር በር ላይ የምቆመው ለምን መሰለሽ?»

ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ።

«አንቺን ስጠብቅ የራሴን ልጅ አላየኋትም» አሉና ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሳቡት። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ሲያለቅሱ አላየኋቸውም፤ የሁለት ልጆቻቸውን ቀብር አላየሁም እንጂ።

ሾፌሩ አልጠፋም፤ ይህን ለእሱ መመስከር አለብኝ። በወሩ ሽማግሌ ልኮ ብርቱካንን አገባት። ዛሬ ሞጆ ውስጥ የልብስ ስፌት ቤት አላት፤ የመጀመሪያ ልጇ ጎረምሳነቱን ጨርሶ የሁለት ልጆች አባት ሆኗል። ክፉ ትዳር አልገጠማትም። ነርስ ግን አልሆነችም። ሰላምን ወልጄ ሆስፒታል ስተኛ ለመጠየቅ በመጣች ቁጥር የነርሶቹን እጅ እንዴት እንደምታየው አይቻለሁ፤ ስለዚያ ግን አውርተን አናውቅም።

እኔ የብረት እንክብሉን ጨርሼ፣ ደሜ ከተመለሰ በኋላ ሉፑን አስገባሁ። ደቂቃዎች ናቸው፤ አንድ ጠንከር ያለ ቁርጠት፣ ከዚያ አለቀ። ደግሞም አላለቀም። ለሦስት ወር ያህል ልቤ ትንሽ ፈጠን ባለ ቁጥር «ይኸው እየወጣ ነው» እል ነበር። ደረጃ አልወጣም፤ ገመድ አልዘልም፤ ባልዲ ሳነሣ እንኳ በግራ እጄ ደረቴን እይዛለሁ። ከድጃ ስታየኝ በሳቅ ትፈርሳለች።

ግርማ የሰማው ከእኔ አልነበረም። አንድ ደላላ ጓደኛው ከጤና ጣቢያው ስወጣ አዳማ አይቶኛል። አንድ ምሳ ላይ እንጀራውን ሳይቆርስ፣ «አዳማ ከእናትሽ ሌላ ማን አለ?» አለኝ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፤ እሱ ነው ያስፈራኝ። በዓይኑ ውስጥ ያየሁት ያንኑ የእኔን በሽታ ነው፤ ለስንት ሳምንት ስመላለስበት የኖርኩትን ጥርጣሬ። አፌን ከመክፈቴ በፊት እማማ ወርቄ ከወዲያ ማዶ ተናገሩ።

«እኔ ነኝ የላክኋት። መከላከያ አስደርጊ ያልኳት እኔ ነኝ።»

«እማዬ?»

«ያን ቀን አንተ ከላይ ጭነቱ ላይ ነበርክ። ጋቢናው ውስጥ ዓይኗ ሲገለበጥ ያየሁት እኔ ነኝ። ሌላ ሚስት ማግባት አምሮህ ከሆነ ንገረኝ፤ አለዚያ ብላ።»

አላዘዙኝም ነበር። ሰው ለእኔ ሲል ሲዋሽ ያየሁት ያኔ ነው። ግርማ በላ። አራት ቀን አላናገረንም። በአምስተኛው ቀን ከዝዋይ ትልልቅ ዓሣ በሽቦ አንጠልጥሎ መጣና ራሱ ጓሮ ተቀምጦ ቅርፊቱን ላጠልን። እሱም ይቅርታ መጠየቁ ነው፤ በዚያ ዘመን ወንዶች በአፋቸው አይጠይቁም ነበር። ሉፑን በአምስተኛው ዓመት ያስወጣሁት ሁለታችን ተነጋግረን ነው። ከዚያ በኋላ የተወለደችው ሰላም ናት።

ያረረውን ሽሮ ደፍቼ ሌላ ከጣድኩ በኋላ መልሼ ደወልኩላትና ያንን ሁሉ ነገርኳት፤ ቁርጠቱን፣ ክሩን፣ ባልዲውን፣ አክስቷን፣ አያቷን። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። ስጨርስ ከስልኩ ውስጥ የወንድ ሳል መጣ።

«እትዬ ሙሉ፣ ይቅርታ፣ ስልኩ ላውድ ላይ ነው፤ እኔም ሰማሁ» አለ ባሏ ናሆም። «ቀጠሮ የያዝነው ለሐሙስ ነው። በጣም ያማታል እንዴ? ከሥራ ላስፈቅድ ብዬ ነው።»

ስልኩን ጥዬ ልሮጥ ትንሽ ቀረኝ። አማች ፊት ያን ሁሉ ማውራቴ! ከዚያ ግን «በጣም ያማታል እንዴ?» የምትለዋ ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀረች። እኔን በዚያ ዘመን እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ወንድ አልነበረም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ደስም አለኝ። ወዲያው ደግሞ አሮጌው ነገር ብቅ አለ፦ ይሄ ልጅ ለምን እንዲህ ፈለገው? ልጅ አይወድም ይሆን? ሌላ ያሰበው ነገር አለ?

ጥርጣሬ አንድ ጊዜ ሕይወቴን ጠብቆልኛል፤ ክኒኑን ባልደብቅ ኖሮ ምናልባት ዛሬ የለሁም። ያው ጥርጣሬ ደግሞ በሬ ላይ ቆመው የሚጠብቁኝን ሴት ሌባ አድርጎ አሳየኝ፤ አጠገቤ የምትሰምጠውን ልጅ ሸፈነብኝ። የቱ ጋ ማቆም እንዳለበት እስከ ዛሬ አልተማርኩም። ልጄ ይህን እንዳትወርሰኝ እመኛለሁ፤ ከእነ ድምፅ ማጉያው በግልጽ ማውራቷን ሳይ ደግሞ የወረሰችኝ አይመስለኝም።

ሐሙስ አዳማ እሄዳለሁ ብያቸዋለሁ። ሰላምን ላስታምም ነው ያልኳቸው። እውነቱን ለመናገር ግን የምሄደው፣ እሷ ውስጥ ስትገባ እሱ በር ላይ ሲቆም ፊቱን ላየው ነው።